የ7 ዓመት ልጄ ሽንት ኮካ መስሏል፤ «ኢንፌክሽን ነው» ተባልኩ፣ ግን ፊቱ እያበጠ ነው

ሰሊጥ (አዳማ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ልጄ ወንድ ነው፣ 7 ዓመቱ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሽንቱ ጠቁሯል። መጀመሪያ ውሃ ስላልጠጣ መስሎኝ ችላ አልኩት፤ እሑድ ጠዋት ግን ቁርጥ ኮካ ሆኖ ወረደ። አያቃጥለውም፣ አያመውም፣ ትኩሳትም የለውም። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወስጄው ሽንቱን አይተው «ደምና ኢንፌክሽን አለው» አሉና አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ሰጡን። ውሃ በብዛት ይጠጣም ተባልኩ።

ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ ደም ሦስት ፕላስ፣ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ፣ ናይትራይት ኔጌቲቭ፣ ነጭ የደም ሴል ከ10 እስከ 15፣ ቀይ የደም ሴል «ሜኒ» (ብዙ)። ባክቴሪያ የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ሽሮፑን እየወሰደ ነው፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ጠዋት ሲነሣ የዓይኑ ቆብ አብጦ ነው የሚነሣው፤ ወደ ምሳ ሰዓት ይቀንስለታል። አያቱ እንቅልፍ አብዝቶ ነው ትላለች። ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አጎቱ ጋ መልካ ወረር (አፋር) ሰንብቶ ነበር፤ ከሰፈር ልጆች ጋር የመስኖ ቦይ ውስጥ ሲዋኝ እንደነበር አሁን ነው የነገሩኝ። ቢልሃርዚያ ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ።

ጥሩወርቅ

አይዞሽ እህቴ፣ አትደንግጪ። የኔም ልጅ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ገብስ ቀቅለሽ ውሃውን አጥልለሽ ጠዋት ማታ አጠጪው፣ ውሃም ሳያቋርጥ ይጠጣ። ኩላሊቱን ጥርግ አድርጎ ያጥበዋል። ብርድ ነው የመታው፣ ወገቡን ሙቀት አድርጊለት።

አዋሽ_አርባ

የምን ገብስ! መልካ ወረር ዋኝቶ ደም ከሸና ቢልሃርዚያ ነው፣ አለቀ። ፕራዚኳንቴል ገዝተሽ ስጪው፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ባለቀይሥር

ቀይ ሥር በልቶ እንዳይሆን ብቻ። እኛ ልጃችን ቀይ ሽንት ሸናች ብለን ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ድረስ ተሯሩጠን፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን እራት ምን እንደበላች ነበር 😂

ነጭ_ጋዋን

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። በስልክ መስኮት ሕክምና አይሰጥም፤ ግን ወረቀቱና የዓይኑ እብጠት አንድ ላይ ሲነበቡ ዝም የሚያሰኙ አይደሉም።

ጥሩወርቅ በቅንነት ነው የመከሩሽ፤ ሆኖም የገብሱን ውሃ አታጠጪው፣ ያለ ልክ ውሃ መስጠቱንም ተይው። ውሃ አብዝቶ መጠጣት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለጠጠር ጥሩ ምክር ነው። የኩላሊቱ ማጣሪያ ራሱ ተቆጥቶ ከሆነ ግን ኩላሊቱ ውሃና ጨው ማስወጣት ያቅተዋል፤ የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። ፊቱ የሚያብጠው በዚህ ነው። ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወጣል፣ ሲብስ ውሃው ሳንባ ይገባል።

ቀይ ሥሩን በተመለከተ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ቀይ ሥርም ሆነ ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንት ያቀላሉ። ግን እነሱ ቀለም እንጂ ደም ስላልሆኑ በማይክሮስኮፕ ቀይ ሴል አይታይም። ያንቺ ልጅ ወረቀት ላይ «ሜኒ» ተብሏል፤ ደም መሆኑ አያከራክርም።

ቀጣዩ ጥያቄ ደሙ ከየት መጣ ነው፦ ከማጣሪያው ወይስ ከዚያ በታች ካለው ቧንቧና ፊኛ? እዚህ ላይ ቀለሙ ራሱ ይመሰክራል። ከማጣሪያው የሚመጣ ደም አሲድነት ባለው ሽንት ውስጥ ቆይቶ ስለሚወርድ ይጠቁራል፣ ሻይ ወይም ኮካ ይመስላል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፣ አይረጋም፣ አብዛኛውን ጊዜም አያምም። ከፊኛና ከቧንቧ የሚመጣው ደግሞ ደማቅ ቀይ ወይም ሮዝ ነው፤ አንዳንዴ የረጋ ደም ይዞ ይወርዳል፣ ያቃጥላል፣ ወይም ሽንቱ ሊያልቅ ሲል ብቻ ጠብ ይላል። ባንቺ ልጅ ላይ ቀለሙ ኮካ ነው፣ ሕመም የለም፣ ፕሮቲኑ ሁለት ፕላስ ነው፣ ፊቱ አብጧል። አራቱም ወደ ማጣሪያው ነው የሚያመለክቱት።

«ኢንፌክሽን» ያሰኛቸው ነጭ የደም ሴሉ ይመስለኛል። ይህ በየቦታው የሚያጋጥም ነው። ነጭ ሴል በሽንት ውስጥ መታየቱ ቁጣ አለ ማለት ነው፤ የግድ ባክቴሪያ አለ ማለት አይደለም። ማጣሪያው ሲቆጣም አብሮ ይወጣል። ትኩሳት የለ፣ ማቃጠል የለ፣ ባክቴሪያን የሚጠቁመው ናይትራይት የለ። ኢንፌክሽን ነው ለማለት አንቲባዮቲኩ ከመጀመሩ በፊት የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያ ያድግ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) መላክ ነበረበት።

አሁን ሦስት ነገር ንገሪኝ። ባለፉት ሁለት ወራት ጉሮሮውን አሞት ወይም ሰውነቱ ላይ ቁስል ወጥቶበት ያውቃል? የሚሸናው መጠን ቀንሷል? የደም ግፊቱን የለካው ሰው አለ?

ሰሊጥ (አዳማ)

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ቶንሲል አላመመውም። ቁስል ግን አዎ፣ ከወር በፊት እከክ ይዞት ነበር፤ ከማከክ ብዛት እግሩ ላይ መግል ይዞ ቅርፊት ሠርቶ ነበር፣ ቅባት ቀብተንለት ደረቀ። ሽንቱ እውነትም ቀንሷል፣ ትናንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሸናው። የደም ግፊት ግን ማንም አልለካውም። ለልጅም ይለካል እንዴ?

ነጭ_ጋዋን

ይለካል፣ መለካትም አለበት። ሌሎቹን ጥያቄዎች ነገ ተነጋግረን እንደርስባቸዋለን፤ ይህ ግን ነገን አይጠብቅም። ዛሬውኑ የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጂው። ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ዓይን መደብዘዝ፣ መደንዘዝ ወይም ትንፋሽ ማጠር ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቢ። እንዲህ ያሉ ልጆች አንዳንዴ በግፊቱ ብቻ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ቤተሰብ የሚጥል በሽታ ጀመረው ብሎ ሌላ ቦታ ይወስዳቸዋል።

ስትደርሺ «ግፊቱን በልጅ መለኪያ ለኩልኝ» በይ። የአዋቂው ሰፊ ጨርቅ በትንሽ ክንድ ላይ ሲታሰር ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ክብደቱም ይመዝገብ፤ እብጠቱ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ከዓይን ይልቅ ሚዛን ነው የሚናገረው። ከዚያ የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳዩት ክሪያቲኒንና ፖታሲየም፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ይዞት እንደነበር የሚጠቁመው ኤ.ኤስ.ኦ.፣ የሚገኝ ከሆነ ሲ-3 የሚባለው የደም ምርመራ።

የምጠረጥረው ይኸው ስትሬፕቶኮከስ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን የማጣሪያ መቆጣት ነው። ባክቴሪያው ጉሮሮ ላይ ከነበረ ሽንቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይጠቁራል፤ ቆዳ ላይ ከነበረ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ያንቺ ልጅ ወር ያህል ሆኖታል። እናቶች ግን ቁስሉ ደርቆ ሲረሳ ከሽንቱ ጋር አያገናኙትም፤ ማንም ካልጠየቃቸው በራሳቸው አያነሡትም፣ አይፈረድባቸውምም። እከክ በበዛበት ሰፈር ይህን በሽታ ደጋግመን እናያለን።

እስክትደርሺ ጨው የበዛበት ነገር አትስጪው። ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ክልክል ነው፣ ኩላሊቱን ይጎዱበታል።

አዋሽ_አርባ

ዶክተር፣ መልካ ወረር መዋኘቱንስ ዝም ብለን እንለፈው?

ላቦራቶሪ_አሚባራ

ይህን ለእኔ ተዉልኝ፣ እንጀራዬ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ መካከለኛው አዋሽ ነው።

አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ቢልሃርዚያ አለ። የአንጀቱ በብዙ ቦታ ይገኛል፣ ጣና ዳርም ዝዋይም አለ፤ እሱ ሽንት ውስጥ ደም አያመጣም። የሽንቱ ግን ቆላ ቆላውን ነው የሚኖረው፦ እኛ ጋ አሚባራና ገዋኔ አካባቢ፣ ታችኛው ዋቢ ሸበሌ፣ ኩርሙክ በኩል። ስለዚህ መልካ ወረር ሲባል መጠርጠሩ ልክ ነው፤ የጣና ልጅ ደም ሸና ቢባል ኖሮ ግን ሌላ ነገር ፈልጉ ባልኩ ነበር።

ሁለት ነገር ግን አይገጥምም። አንደኛ ጊዜው። ትሉ በቆዳ ከገባ በኋላ አድጎ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ደሙ የሚመጣው እንቁላሉ የፊኛውን ግድግዳ ሰንጥቆ ሲወጣ ነው። በሦስት ሳምንት አይደርስም። ሁለተኛ የደሙ ጠባይ፦ የቢልሃርዚያ ደም የሽንቱ መጨረሻ ላይ የሚንጠባጠብ ቀይ ነው፤ ኮካ አያስመስልም፣ ፊትም አያሳብጥም።

ፕራዚኳንቴሉ ራሱ ብዙም ባልጎዳው። የሚጎዳው «መድኃኒቱን ወሰደ፣ እንጠብቅ» ተብሎ የሚባክነው ቀን ነው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ሽንቱ ለእንቁላል ይመርመር፣ በውሃው ገብቷልና።

እግረ መንገዴን አንድ ብሶት። ሽንት በሃይላንድ ጠርሙስ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣልናል። ማጣሪያው ተቆጥቶ እንደሆነ የሚያረጋግጥልን «የቀይ ሴል ካስት» የሚባለው ነገር ነው፤ በኩላሊቱ ቀጭን ቱቦ ቅርጽ የተጋገሩ ቀይ ሴሎች ናቸው። ሽንቱ ሲቆይ ይሟሟሉ። እዚያው ሸንቶ በሰዓቱ ውስጥ የታየና ውሎ ያደረ ሽንት አንድ አይደለም። ሰው ለውጤቱ ላቦራቶሪውን ያማል፣ ጠርሙሱን ግን አያማም።

ሜሪላንድ_ነኝ

ሴት ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ እሷም ሽንቷ ሻይ ይመስላል፣ ግን ሁልጊዜ ጉንፋን ሲይዛት ነው፦ ዛሬ ጉሮሮዋን ካመማት ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሽንቷ ይጠቁራል፣ በሳምንት ይጠራል፣ ደግሞ ይመለሳል። እዚህ ያሉት ሐኪሞች መጀመሪያ የጠየቁን ከዘመድ መስሚያው የደከመ፣ ዲያሊሲስ የገባ፣ እኛ ወላጆቹ ራሳችን ሽንታችን ውስጥ ደም አለ ወይ የሚል ነበር። በኋላ ከኩላሊቷ ናሙና ወስደው አይ.ጂ.ኤ. ኔፍሮፓቲ የሚባል የኩላሊት ማጣሪያ በሽታ ነው አሉን። ይህስ ከዚያኛው በምን ይለያል?

ነጭ_ጋዋን

በጊዜው። አይ.ጂ.ኤ. ከጉንፋኑ ጋር እኩል ይመጣል፣ ይመላለሳልም። የስትሬፕቶኮከሱ ዘግይቶ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ነው፣ ሲ-3ንም ያወርዳል፤ በአይ.ጂ.ኤ. ሲ-3 አይወርድም። ስለ መስሚያ የጠየቋችሁ አልፖርት የሚባለውን በዘር የሚወረስ በሽታ ፈልገው ነው፤ እሱ ኩላሊትንም ጆሮንም ይነካል።

ሰሊጥ (አዳማ)

ተኝቷል፣ ልጄ ተኝቷል ሆስፒታል። ግፊቱ 138 በ92 ነበር። የለካችው ነርስ ሁለተኛ ለካችው፣ ሦስተኛ ለካችው፣ ከዚያ ሮጣ ሐኪም ጠራች። ማታ ማታ ራሱን ያመው ነበር ለካ፤ ትምህርት ቤት ላለመሄድ መስሎኝ ነበር። ሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ በመርፌ ሰጡት፣ የግፊት ክኒንም ጀመሩለት። ክሪያቲኒኑ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ፖታሲየሙ ደህና ነው አሉ። ኤ.ኤስ.ኦ. ኔጌቲቭ ነው ሲሉኝ ግራ ገባኝ፤ ታዲያ ስትሬፕቶኮከስ አይደለም ማለት ነው? ሲ-3 ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። ጌታ ይመስገን ሽንቱ ዛሬ ጨምሯል።

ጥሩወርቅ

እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ገብሱ ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ እህት፤ የኔው ልጅ የጠጠር ነበር፣ ሁሉም አንድ መስሎኝ።

ነጭ_ጋዋን

ሰሊጥ፣ በጊዜ ደርሰሻል። ለአዋቂ 138 «ትንሽ ከፍ አለ» ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር ነው፤ ለ7 ዓመት ልጅ ከ115 አካባቢ ጀምሮ ነው ከፍተኛ የሚባለው።

ኤ.ኤስ.ኦ. ኔጌቲቭ መሆኑ አያስደንቅም። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ደህና አድርጎ ይወጣል፤ ከቆዳ ቁስል በኋላ ግን ብዙ ጊዜ አይወጣም። ለቆዳው የሚሻለው ሌላ ምርመራ በየቦታው አይገኝም። እዚህ ላይ ሲ-3ው ነው ዋጋ ያለው፦ ዝቅ ብሎ ከመጣና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ቦታው ከተመለሰ ታሪኩ በዚሁ ያልቃል። ከዚያም በኋላ ዝቅ እንዳለ ከቀረ ሌላ የማጣሪያ በሽታ ወይም ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) ይፈለጋል፤ የኩላሊት ናሙና የሚነሣው ያኔ ነው።

ፔኒሲሊን ቢሰጡት አትገረሚ፤ የቀረ ባክቴሪያ እንዳይኖርና ለሌሎች ልጆች እንዳያስተላልፍ እንጂ ኩላሊቱን ቶሎ ለማዳን አይደለም። ቤት ያሉት ልጆችና አልጋ የሚጋሩት ሁሉ ለእከክ አብረው ይታከሙ፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ ይመላለሳል። አብዛኞቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ኮካው ቀለም በሳምንታት ውስጥ ይጠራል፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም ግን ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ እሱ ብቻውን አያስፈራሽ። ግፊቱንና የሽንት ፕሮቲኑን ግን ማስለካትሽን አታቋርጪ።

ጠያቂው

አንድ ነገር አልገባኝም። ይህ ሁሉ ሲሆን አልትራሳውንድ ያነሣ ሰው የለም። እኛ ሰፈር ሽንት ቀላ ከተባለ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው።

ነጭ_ጋዋን

መጀመሪያ የሚሆነው ስለሚከፈልበት ነው እንዳልል እፈራለሁ 🙂 ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፣ በቦታው ሲሆን። ማጣሪያው የተቆጣ ልጅ ኩላሊት በአልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል ወይም ትንሽ ያበጠ ነው። «አልትራሳውንዱ ደህና ነው» ተብሎ ግፊቱ ሳይለካ ወደ ቤት የተላከ ልጅ አይቻለሁ። የግፊት መለኪያው ጨርቅ ከማሽኑ ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

አልትራሳውንድ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሕመሙ ጎን ይዞ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ሲሆን፣ ይህ የጠጠር ምልክት ነው። ልጁ ወድቆ ወይም ተመትቶ ከሆነም እንዲሁ፤ በተለይ ቀላል በሆነ ምት ብዙ ደም ከሸና፣ ኩላሊቱ አስቀድሞ ችግር የነበረበት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆዱ ውስጥ እብጠት ሲዳሰስ። ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ዊልምስ የሚባል የኩላሊት ዕጢ አለ፤ ብዙ ጊዜ እናት ልጇን ስታጥብ ነው አንድ ጎኑ መጠጠሩን የምታገኘው። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ደጋግሞ መጫን አይገባም፣ ዕጢው ሊፈነዳ ይችላል፤ ቀጥታ ሆስፒታል። በጊዜ ከተደረሰበት ከሚድኑት የልጆች ካንሰሮች አንዱ ነው።

እግሩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጥቶ፣ ሆዱንና መገጣጠሚያውን የሚያመው ልጅ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ የደም ሥሮች መቆጣት ነው፣ ሽንቱ ለወራት እየተመረመረ ይከታተሉታል።

ገዋኔ_አባት

ሰላም። ይህን ሁሉ አንብቤ የራሴን ልጠይቅ። ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ሽንቱ መጀመሪያ ንጹሕ ነው፤ ሊጨርስ ሲል ቀይ ጠብ ጠብ ይላል። ትንሽ ያቃጥለዋል፣ ቶሎ ቶሎም ይመጣበታል። እብጠት የለውም። የሰፈሩ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፣ ፀሐይ ነው እያሉ ማንም ነገሬ አይለውም። ከብት ሲያጠጡ ውሃው ውስጥ ነው የሚውሉት።

ላቦራቶሪ_አሚባራ

ይኸው፣ ይህኛው የኔ ነው! ወንድሜ፣ ይህ ፀሐይ አይደለም። ጤና ጣቢያ ውሰደውና ሽንቱ ለቢልሃርዚያ እንቁላል ይመርመር። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፦ እንቁላሉ በብዛት የሚወርደው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የማለዳ ሽንት ይዘህ ብትመጣ «የለም» ልንልህ እንችላለን። ከመሽናቱ በፊት ትንሽ ይሩጥ ወይም ይዝለል፣ ያራግፈዋል። ሲሸና የመጨረሻዋን ጠብታ ዕቃው ውስጥ ያድርጋት፤ እሷ ናት የምትፈለገው። እንቁላሉ ጫፉ ላይ እሾህ አለው፣ አንዴ ካየኸው አይረሳም። የአንጀቱ እሾህ ጎኑ ላይ ነው።

ከተገኘ ፕራዚኳንቴል በክብደቱ ይሰጠዋል፣ ምግብ ከበላ በኋላ። ያዞረው ወይም ሆዱን ይቆርጠው ይሆናል፣ በዚያው ቀን ይለቀዋል። ከሳምንታት በኋላ ሽንቱ ይደገምለት፤ ያኔም ደም ካለ ፊኛውና ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ ይታይ፣ ለዓመታት የቆየ ቢልሃርዚያ የሽንት ቱቦውን ያጠብበዋልና። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይከላከልለትም።

ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነበር ዋናው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አይቶ ነው ያንን ሁሉ ምርምር የጀመረው። እኛ ጋ ግን ቦዩ ረጅም ነው፣ እንዶዱም አይበቅልም።

ገዋኔ_አባት

ተባረክ። ነገ 4 ሰዓት ላይ ይዤው እሄዳለሁ። ከሱ በታች ሁለት አሉ፣ አብረው ነው የሚዋኙት፤ ሽንታቸው ግን ደህና ነው። ይምጡ?

ላቦራቶሪ_አሚባራ

ይምጡ። በዓይን የማይታይ ደም ብዙ ነው፤ እኛ በስትሪፕ (ሽንት ውስጥ በሚነከር የመመርመሪያ ወረቀት) እናየዋለን። ዕድሜያቸው ስንት ነው?

ገዋኔ_አባት

8 እና 4። ትንሿም ትሮጣለች?

ላቦራቶሪ_አሚባራ

ትሩጥ። ክኒኑን ግን ለሷ ሐኪሙ መዝኗት ይወስን፤ ለትናንሾቹ ተፈጭቶ በምግብ ነው የሚሰጠው፣ በጣም ይመራል። የምትወደውን ነገር ይዘህላት ና።